ያላየ ዓይን ለምን ዝም ይላል? ስለ ጋባ ተቀባዮችና ስለ እይታ ኮርቴክስ የተደረገ ንግግር

እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕስ ሙሉ ስሙ ሲነበብ ሰው የሚያባርር ዓይነት ነው፦ "በጨቅላነት እይታ ከተነፈገ በኋላ በእይታ ኮርቴክስ ውስጥ ያሉ ገቺ የኒውሮትራንስሚተር ተቀባዮች።" ይህን ሰምቶ ከወንበሩ ያልተነሣ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ቃላቱን ቀስ እያልን እንፈታቸዋለን። መጀመሪያ ግን ጉዳዩ ማንን እንደሚነካ ልናገር።

አንድ ሕፃን በአንድ ዓይኑ የዓይን ሞራ ይዞ ተወለደ እንበል። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሬቲናው ጤነኛ ነው፣ የዓይን ነርቩም ጤነኛ ነው። ቀዶው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተደረገና ክትትል ካገኘ ልጁ በዚያ ዓይን ጥሩ የማየት ዕድል አለው። ሐኪሞች በአንድ ዓይን ላይ ያለ ከባድ ሞራ 6 ሳምንት ገደማ እንዲወጣ የሚጣደፉት ለዚህ ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ዓይኑ ቢጠራም ልጁ በደንብ አያይበትም። አሁን ደግሞ ያው ሞራ አንድ አዛውንት ላይ ለዓመታት ቆየ እንበል። ሲወጣላቸው ያያሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ። ሞራው ያው፣ ቀዶው ያው፣ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ስለዚህ ችግሩ ያለው ዓይን ላይ አይደለም። አንጎል ላይ ነው፤ ከዓይን የሚመጣውን መልእክት የሚቀበለው የእይታ ኮርቴክስ፣ ከጭንቅላታችን በስተኋላ ያለው ክፍል ላይ። ሰው "ሰነፍ ዓይን" ይለዋል፤ የሕክምና ስሙ አምብሊዮፒያ ነው። ከ100 ሰው 2 ወይም 3 ያህሉን ይይዛል። መንስኤው ሁልጊዜ ሞራ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሸውራራነት ወይም የሁለቱ ዓይኖች የመነጽር ቁጥር በጣም መራራቅ ነው። ከሁሉም የከፋውን ጉዳት የሚያደርሰው ግን ሞራ ነው፤ ቅርጽ የሚባል ነገር ከነጭራሹ እንዳይገባ ስለሚከለክል።

ይህን በሳይንስ ያስጨበጡን ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል ናቸው። በ1963 (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት ሥራ ይህ ነው፦ የድመት ግልገል አንድ ዓይን ቆቡ ተሰፍቶ ለሁለት ሦስት ወር ይዘጋል። ከዚያ ይከፈትና ኮርቴክሱ ውስጥ ያሉ ሴሎች ለየትኛው ዓይን ምላሽ እንደሚሰጡ በቀጭን ኤሌክትሮድ ይታያል። ከመዘገቧቸው 84 ሴሎች ውስጥ ለተዘጋው ዓይን ምላሽ የሰጠው 1 ብቻ ነበር። አንድ! በጤነኛ ግልገል ቢሆን አብዛኞቹ ሴሎች ለሁለቱም ዓይን ይመልሳሉ። ሙከራው የሚከብዳችሁ ካላችሁ እረዳለሁ፤ ለእኔም ይከብደኛል። ዛሬ ሕፃናት ቶሎ የሚታከሙት ግን በአብዛኛው ከዚህ በተገኘ እውቀት ነው። ሁለቱ ሰዎች በ1981 ከሮጀር ስፔሪ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ያደገች ድመት ዓይኗ ለወራት ቢዘጋ ምንም አልሆነችም። ጉዳቱ የሚደርሰው በተወሰነ የዕድሜ መስኮት ብቻ ነው፤ እሱን "ወሳኙ ጊዜ" እንበለው። በድመት ከ4ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ድረስ ይበረታል፣ ከ3 ወር በኋላ እየከሰመ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ዓይኖች አብረው ሲዘጉ ጉዳቱ ከተጠበቀው ያነሰ ሆነ። የተዛባ ቢሆንም ብዙዎቹ ሴሎች ምላሽ ይሰጡ ነበር። ይህ በ1965 ሲወጣ ብዙ ሰው ግራ አጋብቷል። አንድ ዓይን መዝጋት ይህን ያህል ከጎዳ ሁለቱን መዝጋት እጥፍ መጉዳት አልነበረበትም? አልሆነም። ስለዚህ ዋናው ነገር የብርሃን እጦቱ ብቻ አይደለም፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ፉክክር ነው።

ለረጅም ጊዜ ይህ ፉክክር የተተረከው በቀስቃሽ ግንኙነቶች ቋንቋ ነው። የሚያየው ዓይን ሽቦዎቹን ያስፋፋል፣ የማያየው ሽቦዎቹ ይመነምናሉ፣ አለቀ። ትረካው ውሸት አይደለም፤ በአናቶሚ የታየ ነው። ግን ግማሽ ታሪክ ነው። የቀረውን ግማሽ ለማየት ወደ ጋባ እንምጣ።

ጋባ ኒውሮትራንስሚተር ነው፤ የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል ማለት ነው፣ የእሱ ሥራ ደግሞ ሌላውን ሴል መግታት ነው። በአንጎል ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1950 ነው። አንጎላችን ጋባን የሚሠራው ከግሉታሜት ነው። የሚገርመው ግሉታሜት ራሱ ዋናው የአንጎል ቀስቃሽ መሆኑ ነው። ጋድ የሚባል ኢንዛይም ከግሉታሜት ላይ አንድ ነገር ቆረጥ ያደርጋል፤ ቀስቃሹ ገቺ ሆኖ ቁጭ ይላል። ከኮርቴክስ የነርቭ ሴሎች ከ5 አንዱ ያህል ጋባ የሚለቁ ናቸው። ቁጥራቸው አነስተኛ ነው፤ ሥልጣናቸው ግን ትልቅ ነው።

አንዱን ቦታ ቀረብ ብለን እንየው። ፒራሚዳል የሚባለው ትልቅ ሴል አለ፤ መልእክት ወደ ሩቅ የሚያሻግረው እሱ ነው። በአካሉ ዙሪያ የባስኬት ሴል ክሮች ተጠምጥመውበታል። የባስኬት ሴሉ ሲተኩስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክት ሲልክ፣ ጫፉ ላይ ካሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ጋባ ይለቀቃል። ጋባው በሁለቱ ሴሎች መሐል ያለችውን ክፍተት ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይሻገራል። ወዲያ ማዶ ተቀባዩ ይጠብቀዋል። ተቀባዩ በ5 ፕሮቲኖች የተገነባ ነው፤ ክብ ሠርተው መሐላቸው ላይ ቀዳዳ አላቸው። ጋባ ሲያርፍበት ቀዳዳው ይከፈታል፣ ክሎራይድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሴሉም ለመተኮስ ይከብደዋል። ይህ ጋባ-ኤ የሚባለው ተቀባይ ነው። ጋባ-ቢ የሚባልም አለ፤ እሱ ቀዳዳ የለውም፣ አሠራሩም ዘገም ያለ ነው። ዛሬ እሱን አንነካውም።

አሁን የዛሬው ነገር ሥሩ ያለው እዚህ ነው። እነዚያ 5 ፕሮቲኖች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደሉም። በሰው ጂኖም ውስጥ የጋባ-ኤ ንዑስ ክፍሎችን የሚሠሩ 19 ጂኖች አሉ። የተለመደው አሠራር 2 አልፋ፣ 2 ቤታና 1 ጋማ ነው። ከአልፋዎቹ የትኛው እንደገባ ግን የተቀባዩን ጠባይ ይለውጠዋል። አልፋ3 ያለበት ተቀባይ ቀስ ብሎ ይዘጋል፤ መግታቱ ይንዛዛል። አልፋ1 ያለበት ቶሎ ይዘጋል፤ መግታቱ አጭርና ስል ነው። በጨቅላ እንስሳ ኮርቴክስ ውስጥ አልፋ3 ይበዛል። ዕድሜ ሲገፋ አልፋ3 ይቀንስና አልፋ1 ይተካዋል። ለምን ይጠቅማል ብትሉ፣ ኮርቴክስ የሁለቱን ዓይኖች መልእክት የሚያነጻጽረው በሚሊሰከንዶች ልዩነት ነው። መግታቱ ከተንዛዛ የቱ ዓይን ቀድሞ እንደተናገረ መለየት ይከብዳል።

በነገራችን ላይ፣ ገና በጣም በልጅነት ጋባ ጭራሽ ገቺ ላይሆን ይችላል። ያኔ ሴሉ ውስጥ ክሎራይድ በብዛት ስላለ ቀዳዳው ሲከፈት ክሎራይዱ ወደ ውጭ ይወጣና ሴሉን ይቀሰቅሰዋል። በኋላ ክሎራይድን የሚያስወጣ ፓምፕ ሲበረታ ነገሩ ይገለበጣል። ይህን ያነሣሁት "ጋባ ማለት ገቺ ነው" የሚለው አነጋገር የዕድሜ ገደብ እንዳለው እንዲታወቅ ነው። ከዚህ በኋላ ዕድሜ የሚለው ቃል በየመንገዱ ያጋጥመናል።

ወደ 1976 እንሂድ። ፍራንክ ደፊና ባልደረቦቹ በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ተዘግቶ ያደጉ ድመቶችን ወሰዱ። ወሳኙ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። በደም ሥራቸው ባይኩኩሊን ሰጧቸው። ባይኩኩሊን የጋባ-ኤ ተቀባይን የሚዘጋ ኬሚካል ነው። ለተዘጋው ዓይን ምላሽ ይሰጡ ያልነበሩ ሴሎች ምላሽ መስጠት ጀመሩ፤ ቁጥራቸውም ቀላል አልነበረም። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን የድመቶቹን ጤነኛ ዓይን ሲያወጣ ተመሳሳይ ነገር አየ፤ የደካማው ዓይን መልእክት ኮርቴክሱ ላይ ብቅ አለ። አዲስ ሽቦ ለመዘርጋት በቂ ጊዜ አልነበረም። ሽቦው ቀድሞውንም ነበረ፤ የሚናገርበት አጥቶ ነበር እንጂ።

በ1981 ኬሚካሉን በጠባቡ፣ ሴሉ አጠገብ ብቻ በማንጠባጠብ የተሠሩ ሙከራዎች ወጡ። ከፊሎቹ ሴሎች ተመለሱ፣ ከፊሎቹ አልተመለሱም። እኔ ይህን ውጤት የምወደው ለዚህ ነው፤ ማንንም ሙሉ በሙሉ አያስደስትም። ከጠፋው እይታ የተወሰነው በእርግጥ ጠፍቷል። የተወሰነው ግን አለ፤ ጋባ አፉን ይዞታል። ባይኩኩሊንን ለሰው እንስጥ ብሎ የሚያስብ ካለ ቶሎ ይተወው። በመላው አንጎል ላይ ጋባ-ኤን መዝጋት የሚጥል በሽታ የሚያስነሳ ነገር ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ሆነ፦ በልጅነት እይታ ሲነፈግ ገቺ ተቀባዮች ይጨምራሉ ወይስ ይቀንሳሉ? ቀላል ጥያቄ ይመስላል። መልሱን ለመፈለግ ጽሑፎቹን የሚያገላብጥ ሰው ግን ራሱን ይዞ ይቀመጣል።

በ2002 በጨለማ ያደጉ ትላልቅ አይጦች ታዩ። በብርሃን ባደጉት ዘንድ፣ ዓይን ከሚከፈትበት ጊዜ ጀምሮ ወሳኙ ጊዜ እስኪያልቅ ፒራሚዳል ሴሎች ላይ የሚደርሰው የጋባ ግብዓት 3 እጥፍ ያድጋል። ከልደት ጀምሮ በጨለማ በቆዩት ግን ይህ እድገት አልመጣም። መጀመሪያ ብርሃን አይተው በኋላ ወደ ጨለማ የገቡት ደግሞ ምንም አልሆኑም። ስለዚህ፦ ጨለማ መግታትን ልጅ አድርጎ ያስቀረዋል። ጥሩ።

በ2004 አሪያና ማፌይ ከጂና ቱሪጂያኖ ቡድን ጋር በአይጥ ኮርቴክስ 4ኛ ንብርብር ላይ፣ ከዓይን የሚመጣው መልእክት በዋናነት በሚገባበት ንብርብር፣ ተመለከተች። ዓይን በተከፈተ ሰሞን፣ ወሳኙ ጊዜ ሳይጀምር፣ እይታ ሲነፈግ መግታት ቀነሰ፣ መቀስቀስ ጨመረ። የሚጠበቅ ነው፤ ኮርቴክሱ የቀነሰበትን መልእክት ለማካካስ ድምፁን ከፍ አደረገ። በ2006 ይኸው ቡድን ያንኑ ሙከራ ጥቂት ቀን ዘግይቶ፣ ወሳኙ ጊዜ ሲገባ ሠራው። መግታት ጨመረ። ያው እንስሳ፣ ያው ንብርብር፣ የጥቂት ቀን ልዩነት፣ ውጤቱ ግን ተገለበጠ!

በ2013 ደግሞ በትንንሽ አይጦች ላይ፣ አንድ ዓይን በተዘጋ በ1 ቀን ውስጥ፣ ፓርቫልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ያላቸው ገቺ ሴሎች (ባስኬት ሴሎችም ከነሱ ውስጥ ናቸው) ተኩሳቸውን ቀነሱ። ይህ የታየው ከ4ኛው በላይ ባለው ንብርብር ነው። መግታቱ ለጊዜው ላላ፣ ከዚያ ነው ለውጡ የገባው።

ያደጉ ዝንጀሮዎችስ? ስቱዋርት ሄንድሪና ኤድዋርድ ጆንስ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይህን አጥንተዋል። የአንድ ዓይን መልእክት ሲቋረጥ በዚያ ዓይን አምዶች ውስጥ፣ ማለትም ለዚያ ዓይን የሚመልሱ ሴሎች በተሰባሰቡባቸው የኮርቴክስ ክፍሎች ውስጥ፣ የጋባ መጠን ይቀንሳል፤ የጋባ-ኤ ተቀባይ ፕሮቲኖችም ይቀንሳሉ። አምዶቹ በቀለም ሲታዩ ደብዘዝና ደመቅ እያሉ ይፈራረቃሉ። የጋባው ነገር መልእክቱ ሲመለስ ይመለሳል። ልብ በሉ፣ እነዚህ አዋቂ እንስሳት ናቸው፤ ዓይን መዝጋት የሴሎቻቸውን የዓይን ምርጫ የማይለውጥበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ተቀባዮቻቸው ግን ይለወጣሉ።

አንዱ ጨመረ ይላል፣ አንዱ ቀነሰ ይላል፣ አንዱ አላደገም ይላል። ሰው ይህን ሲያይ "ሳይንቲስቶች አይስማሙም" ብሎ ይደመድማል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሁሉም ያዩትን ነው የተናገሩት። የተሳሳተው ጥያቄው ነው። "እይታ መነፈግ" የሚባል አንድ ነገር የለም። ከልደት በጨለማ መኖር አለ፣ የአንድ ዓይን መዘጋት አለ፣ የ1 ቀን አለ፣ የ3 ወር አለ። አንዱ የሚለካው ጋባን ነው፣ ሌላው ተቀባዩን ነው፣ ሌላው በአንድ ሴል ውስጥ ያለፈውን ኤሌክትሪክ ነው። እነዚህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠቅለል አይቻልም።

ከሁሉም በላይ ለዛሬው ርዕስ የሚቀርበው በ2010 በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የካትሪን መርፊ ቡድን ያወጣው ሥራ ነው። እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ድመቶች ናቸው፤ ገሚሶቹ በሁለት ዓይን እያዩ ያደጉ፣ ገሚሶቹ አንድ ዓይናቸው የተዘጋ። ከኮርቴክሱ የተለያዩ ቦታዎች ጥቃቅን ቁራጭ ይወሰዳል። ቁራጩ ይፈጫል። ፕሮቲኖቹ በጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ እየተገፉ በመጠናቸው ይለያያሉ። ከዚያ ወደ ስስ ወረቀት መሰል ሽፋን ይተላለፋሉ። አልፋ1ን ብቻ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመርበታል፣ ቀጥሎ አልፋ3ን ብቻ የሚይዝ። በመጨረሻ ሽፋኑ ላይ ጭረት ይታያል። ጭረቱ የደመቀበት ፕሮቲኑ በዝቷል፤ የደበዘዘበት አንሷል። ከገቺዎቹ ጎን ቀስቃሽ የግሉታሜት ተቀባዮችንም በዚሁ መንገድ ለኩ። አንዱን ፕሮቲን ብቻ ነጥሎ ከማየት ሁሉንም ባንድ ላይ አስቀምጠው አቅጣጫቸውን በሒሳብ ተከተሉ።

ያገኙት ይህ ነው። አንድ ዓይን ሲዘጋ የተቀባዮቹ እድገት ወደ ኋላ አልቀረም። እንዲያውም ተፋጠነ። ከተለመደው የእድገት ጉዞ ትልቅ ክፍል ተዘለለና ኮርቴክሱ ያለ ዕድሜው የበሰለ ተቀባይ ይዞ ተገኘ። ሚዛኑም ወደ መግታት አጋደለ። ጉዳቱ የከፋው ደግሞ የእይታ መሐል በሚወከልበት የኮርቴክስ ክፍል ላይ ነው፤ አምብሊዮፒያ ያለበት ሰው በብዛት የሚቸገረውም በዚሁ በመሐል እይታው ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በጨለማ ያደገው እንስሳ መግታቱ ልጅ ሆኖ ቀረ ብለናል። አንድ ዓይኑ የተዘጋው ግን መግታቱ ቶሎ ጎለመሰ። ሁለቱም "እይታ የተነፈጉ" ናቸው! ዝርያውና መለኪያው ስለሚለያይ በቀጥታ ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም። ቢሆንም ከ1965ቱ ግኝት ጋር ይገጥማል፤ እጦት አንድ ነገር ነው፣ ፉክክር ሌላ ነገር ነው።

የዘዴውም ጉድለት ይነገር። ቁራጩ ከተፈጨ በኋላ ተቀባዩ ከየትኛው ሴል እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። ፒራሚዳል ሴል ላይ የነበረ ነው? ወይስ ሌላ ገቺ ሴል ላይ? ገቺን የሚገታ ተቀባይ ከበዛ ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ "አልፋ1 ጨመረ" ማለት በራሱ "ዝምታ ጨመረ" ማለት አይደለም። የኤሌክትሪክ ልኬቱም የፕሮቲን ልኬቱም የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ጋባን የአንጎል ፍሬን ይለዋል። ለመግቢያ ያህል ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ወሳኙ ጊዜ ላይ ሲደርስ ግን ያሳስታል። ፍሬን ቢሆን ኖሮ መግታት ሲቀንስ አንጎል ይበልጥ ተለዋዋጭ መሆን ነበረበት። ታካኦ ሄንሽ በ1998 ያሳየው ተቃራኒውን ነው። ጋድ65 የሚባለው ጋባ ሠሪ ኢንዛይም የሌላቸውን አይጦች ወሰደ። ጋባቸው ደካማ ነው። በወሳኙ ዕድሜ አንድ ዓይናቸውን ሲዘጋ ምንም ለውጥ አልመጣም። ወሳኙ ጊዜ ጭራሽ አልተከፈተም። ከዚያ ዲያዜፓም ሰጣቸው፤ ብዙዎች ቫሊየም በሚለው ስሙ የሚያውቁት የጭንቀት መድኃኒት ነው። ዲያዜፓም ጋባ-ኤ ላይ፣ በአልፋና በጋማ መሐል ተቀምጦ ጋባን ያግዘዋል። ለውጡ መጣ። በ2000 ደግሞ ይህ በአዋቂ አይጦችም ላይ እንደሚሠራ ታየ፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ወሳኙን ጊዜ ግን ጨርሶ ያላዩ አይጦች ዲያዜፓም ሲያገኙ መስኮቱ ያኔ ተከፈተላቸው። ጤነኛ አይጥ ላይ በጣም በልጅነት ሲሰጥ ደግሞ መስኮቱ ያለጊዜው ይከፈታል።

ስለዚህ መግታት ደረጃ አለው። ከታች ከሆነ አንጎል ከእይታ አይማርም። ደረጃው ላይ ሲደርስ መማር ይጀምራል። በኋላ ደግሞ መግታቱ ሲጠነክርና ሲረጋ መስኮቱ ይዘጋል። አንዱ ጋባ ከፋችም ዘጊም ነው።

በ2004 የሄንሽ ቡድን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። የትኛው አልፋ ነው ይህን የሚሠራው? ዘዴው በጣም ብልህ ነው። በአልፋ1 ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ ይቀየራል፣ ሂስቲዲን በአርጂኒን። ተቀባዩ እንደ ድሮው ጋባን ይሰማል፤ ለዲያዜፓም ግን ደንቆሮ ይሆናል። በሌሎች አይጦች ደግሞ አልፋ2 ወይም አልፋ3 እንዲህ ይደረጋል። ከዚያ ለሁሉም ዲያዜፓም ይሰጣል። መስኮቱን ያለጊዜው ለመክፈት የግድ ያስፈለገው አልፋ1 ነበር። አልፋ2 በሴሎቹ ተኩስ ላይ ተጽእኖ ነበረው፤ መስኮቱን ግን አልነካም። አልፋ1 ደግሞ ቅድም ያልናቸው ባስኬት ሴሎች በፒራሚዳል ሴል አካል ላይ የሚጠቀሙበት ዋናው ተቀባይ ነው። አሁን የድመቶቹን ውጤት መለስ ብላችሁ አስቡት። አንድ ዓይን ሲዘጋ ያለጊዜው የጎለመሰው የጋባ ተቀባይ ስብጥር ይኸው ከአልፋ3 ወደ አልፋ1 የሚያደርገው ሽግግር ነው።

እዚህ ስደርስ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፤ ዛሬም ከኋላ ወንበር መጥቷል። "ታዲያ ለልጆች ዲያዜፓም መስጠት አይሻልም?" አይሻልም። ጤነኛ ሕፃን ላይ መስኮቱ በራሱ ጊዜ ይከፈታል። ችግሩ መስኮቱ አለመከፈቱ አይደለም፤ በተከፈተበት ሰዓት የሚገባው ምስል ብልሹ መሆኑ ነው። ለልጅ የሚሠራው ሕክምና የታወቀ ነው፦ ሞራውን ማውጣት፣ ትክክለኛ መነጽር መስጠት፣ ጠንካራውን ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት መሸፈን። ከ7 ዓመት በፊት ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። ከዚያ በኋላም ጨርሶ ተስፋ የለውም ማለት አይደለም።

ሰው ላይ ያለውን ልንገራችሁ። ከላይ ያልኩት ሁሉ ከእንስሳት ነው፤ የሰው አንጎል በዚህ ፍጥነት አያድግም። የማክማስተሩ ቡድን በ2010 ከሞቱ ሰዎች የተወሰደ የእይታ ኮርቴክስ አጥንቷል። 30 ናሙና፣ ከ20 ቀን ሕፃን እስከ 80 ዓመት አዛውንት። አልፋ1 ከዕድሜ ጋር እየጨመረ፣ አልፋ2 እየቀነሰ ይሄዳል። አንዳንዶቹ ለውጦች እስከ ጉርምስናና ከዚያም በላይ ይቀጥላሉ። በ8 ዓመት ሁሉም ነገር አበቃ የሚለው የድሮ አባባል በተቀባዮቹ ላይ አይታይም።

ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በ2015 ክላውዲያ ሉንጊና ባልደረቦቿ የጤነኛ አዋቂዎችን አንድ ዓይን ለ2 ሰዓት ተኩል ሸፈኑ። በጣም ኃይለኛ በሆነ ባለ 7 ቴስላ የኤምአርአይ ማግኔት የኮርቴክሳቸውን ጋባ ለኩ። ጋባው ቀንሷል። ሽፋኑ ሲነሣም የበረታው ራሱ የተሸፈነው ዓይን ነበር! በልጅነት የተሸፈነ ዓይን ይሸነፋል፤ በአዋቂነት ለአጭር ጊዜ የተሸፈነ ዓይን ለጥቂት ጊዜ ያሸንፋል። ጋባቸው ይበልጥ የቀነሰባቸው ሰዎች ላይ ይህ ጎልቶ ታይቷል። ማግኔቱ የሚለካው የጋባን ጠቅላላ መጠን እንጂ ተቀባዩን እንዳልሆነ ግን አትርሱ።

መስኮቱን በአዋቂነት እንደገና ለመክፈት የተሞከረው ብዙ ነው። በ2008 ፍሉኦክሴቲን የሚባል የድብርት መድኃኒት የተሰጣቸው አዋቂ አይጦች የደካማ ዓይናቸውን እይታ አስመለሱ። መግታታቸው ቀንሶ ነበር፤ ኮርቴክሳቸው ላይ ዲያዜፓም ሲጨመር ደግሞ ውጤቱ ጠፋ። ማስረጃው ከዚህ በላይ ግልጽ አይሆንም። ሆኖም በ2018 አምብሊዮፒያ ባለባቸው አዋቂዎች ላይ የተሠራው ሙከራ ውጤት ሲወጣ፣ ፍሉኦክሴቲን ከእይታ ልምምዱ ጋር ተጨምሮ ከልምምዱ ብቻ የተሻለ ነገር አላመጣም። ከአይጥ ወደ ሰው የሚወስደው መንገድ ብዙ ተስፋ የቀረበት መንገድ ነው።

ጨለማም ተሞክሯል። በ2013 ኬቨን ደፊና ዶናልድ ሚቼል አንድ ዓይናቸው ደክሞ የነበሩ የድመት ግልገሎችን ለ10 ቀን ሙሉ ጨለማ ውስጥ አስቀመጡ፤ ሲወጡ የደካማው ዓይን እይታ በጥቂት ቀናት ውስጥ አገገመ። (ይህ ደፊ የ1976ቱ ደፊ አይደለም። በዚህ ዘርፍ ደፊዎች በዝተዋል።) ቤት ውስጥ ልጅ ላይ የሚሞከር ነገር እንዳልሆነ መናገር ያለብኝ አይመስለኝም፣ ግን ተናገርኩ።

ለእኔ ትልቁን ተስፋ የሚሰጠው በ2021 የወጣው ነው። ይኸው ኬቨን ደፊ፣ ማርክ ቤርና ሚንግፋይ ፎንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ነው። ደካማውን ዓይን አልነኩትም። ጤነኛውን ዓይን ቴትሮዶቶክሲን በሚባል መርዝ ለጊዜው ዝም አሰኙት። ሽፋን ብርሃንን ያደበዝዛል፤ ይህ ግን የሬቲናውን ተኩስ ከነጭራሹ ያቆማል። በድመቶችም በአይጦችም፣ መሸፈን በማይሠራበት ዕድሜ፣ የደካማው ዓይን መልእክት ኮርቴክሱ ላይ ተመለሰ፤ መርዙ ካለቀ በኋላም አልጠፋም። በ1976 ጤነኛው ዓይን ሲወጣ የታየው ነገር አሁን ዓይን ሳይወጣ ተገኘ። ጤነኛው ዓይንም መርዙ ሲያልቅለት እንደ ድሮው ሠራ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።